በባዶ እጅ መጠበቅ

የተበላሸ ነገር የሚጠግን ሰው ይመሰገናል። ቧንቧ ያበጀ፣ የተቀደደ ጫማ የሰፋ፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ያስነሳ ሰው ሌላው ቢቀር «እጅህ ይባረክ» ይባላል። ገና ያልተበላሸ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን ላይበላሽ የሚችል ነገር የሚጠግን ሰውስ? እሱ «ሥራ ፈት» ነው የሚባለው።

እኔ ደግሞ የማደንቃቸው እነዚህን ሥራ ፈቶች ነው። የሊኑክስን የዋይፋይ ድራይቨር ከፍተው ሲያነቡ ይውሉና፣ «እዚህ ጋ ሁለት ነገሮች አንድ ቀን ሊቆላለፉ ይችላሉ» ብለው አንዲት መስመር ካለችበት ነቅለው ትንሽ ዝቅ አድርገው ይተክሏታል። ኮምፒውተሩ ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል፤ ነገም ይሠራል። ልዩነቱን የሚያውቁት እነሱና ፈጣሪ ናቸው።

ይህንን ለአክስቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። አክስቴ ዋይፋያቸው በተቋረጠ ቁጥር የሚደውሉት ለእኔ ነው። በቤተ ዘመድ ዘንድ «ኮምፒውተር ተምሯል» የተባለ ሰው ፕሪንተርም፣ የዲሽ ሪሲቨርም፣ የባንክ መተግበሪያም፣ አልፎ አልፎ ምጣድም ይመለከተዋል።

«አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ አቀርቅረህ ምንድን ነው የምታነበው?» አሉኝ።

«ዴድሎክ ስለሚባል ነገር ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ምንም አያደርግም። ክፋቱም እሱ ነው፤ ሁሉም ነገር ምንም እንዳያደርግ ያደርጋል።»

እንዳልገባቸው ስላየሁ ወደሚያውቁት ወሰድኩት። «እስቲ እርስዎ ሙቀጫውን ይዘዋል እንበል። ጎረቤትዎ ደግሞ ዘነዘናውን ይዘዋል። በሁለታችሁም ቤት ቡናው ተቆልቷል።»

«ልጅ ልኬ ዘነዘናውን አስመጣለኋ!»

«እሳቸውም ሙቀጫውን እንዲያመጣ ልጅ ልከዋል። እርስዎ ‹ልውቀጥና እሰጣለሁ› ይላሉ፤ እሳቸውም ‹ልውቀጥና እሰጣለሁ› ይላሉ።»

አክስቴ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው ተለወጠ። «እሷማ ታደርገዋለች!» አሉ።

የዚህ ችግር ዋነኛ ጠባይ ግን ጥፋተኛ የሌለው መሆኑ ነው። ሁለቱም ቃላቸውን አክባሪ ናቸው። ሁለቱም እንደጨረሱ ይሰጣሉ። ሁለቱም በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ቡናው ብቻ ይበርዳል። ጠብ ቢኖር እኮ አስታራቂ ይገባና ያልቃል፤ እዚህ ግን የሚያስታርቁት ሰው የለም፣ ሁሉም ትክክል ነው።

ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዲክስትራ ይህንን ነገር አጥብቆ ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) ለተማሪዎቹ ለፈተና ያወጣው አንድ ጥያቄ ኋላ ላይ በፈላስፎች ታሪክ መልክ ዓለምን ዞሯል፦ አምስት ፈላስፎች ክብ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። በየሁለቱ መካከል አንድ አንድ ሹካ አለ። ለመብላት ግን ሁለት ሹካ ያስፈልጋል። አምስቱም እኩል የግራቸውን ሹካ ቢያነሡ፣ አምስቱም የቀኛቸውን እየጠበቁ በረሃብ ያልቃሉ። ዲክስትራ አዲስ አበባ መጥቶ አንድ ምሳ ተጋብዞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እጅ መታጠብ፣ አንድ ትሪ መክበብ፣ መጉረስ፤ አለቀ። ምናልባት ጉርሻው ላይ «እኔ ልቅደም» ሲባባሉ ይቆላለፉ ይሆናል እንጂ በሹካ የሚሞት ፈላስፋ አይኖርም ነበር።

በ1971 ኮፍማን የተባለ ተመራማሪና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጉዳዩን በአራት ነጥብ አሰሩት። መቆላለፍ የሚመጣው አራቱ ሁሉ በአንድነት ሲገኙ ነው፤ አንዱ ከጎደለ አይመጣም። አንደኛ፣ ዕቃውን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊጠቀምበት የማይችል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሰውየው አንዱን እንደያዘ ሌላውን የሚጠብቅ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የያዘውን በግድ የሚቀማው ሊኖር አይገባም። አራተኛ፣ የሚጠባበቁት ሰዎች ዞረው ክብ መግጠም አለባቸው።

ይህን ለአክስቴ ስዘረዝር ሦስተኛው ላይ አስቆሙኝ። «እኔ ዋይፋዩ እምቢ ሲል አጥፍቼ ነው የማበራው» አሉ። ተገረምኩ። ሴትየዋ ሳያውቁት የኮፍማንን ሦስተኛ ነጥብ እያፈረሱ ነው የኖሩት! ማጥፋት ማለት ከሁሉም እጅ ሁሉንም ነገር በግድ መቀማት ነው። መብራት ሲመለስ ማንም ምንም አልያዘም፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል። «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር ከጠጋኝ እስከ ፕሮፌሰር የሚሠራው ለዚህ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ችግሩ በተከሰተ ቁጥር ሰው ተነሥቶ መሄድ አለበት። እኔ የማደንቃቸው ሰዎች የሚሠሩት ደግሞ ያ ሰው ከመቀመጫው እንዳይነሣ ነው።

አሁን ወደ ድራይቨሩ እንግባ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ በነሐሴ 1991 «ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፍበት ነገር ነው» በሚል መንፈስ ያስተዋወቀው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ መስመር ኮድ አለው። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት ድራይቨሮች ናቸው፤ ከርነሉን ከዋይፋይ ካርድ፣ ከካሜራ፣ ከፕሪንተር ጋር የሚያነጋግሩ አስተርጓሚዎች። የዋይፋይ ድራይቨሮች ከመካከላቸው አስቸጋሪዎቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይሆንባቸዋል። ተጠቃሚው «ዝጋ» ሲል፣ ከአየር መልእክት ሲመጣ፣ አንድ ታይመር ሲደውል፣ ሌላ ሥራ ወረፋ ይዞ ሲጠብቅ፣ ሁሉም የሚነኩት ያንኑ የካርዱን መዝገብ ነው። ሁለቱ እኩል ከጻፉበት መዝገቡ ይበላሻል። ስለዚህ ቁልፍ ይበጅለታል፦ ቁልፉን የያዘ ይጽፋል፣ ያልያዘ ይጠብቃል። ጥበቃ ያለበት ቦታ ደግሞ መቆላለፍ አለ።

በ2022 የተጠገነውን አንድ ድራይቨር ልውሰድ። ስሙ አርቲኤል 8192 ዩ ነው። የዋይፋይ ጣቢያ «አለሁ፣ አለሁ» የሚል ቢከን የሚባል አጭር መልእክት በየጊዜው ይለቃል፤ በተለመደው አሠራር በሰከንድ ወደ አሥር ጊዜ። ስልካችሁ ላይ የጎረቤት ዋይፋይ ስም የሚደረደረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ድራይቨርም በአንዳንድ የአሠራር ስልት ቢከን መላክ ነበረበት፤ ለዚህም ሁለት ሠራተኞች ቀጥሯል። አንዱን ላኪ፣ አንዱን አስቋሚ እንበላቸው።

ላኪው ታይመር ሲደውል ይነቃል። ቁልፉን ይወስዳል፣ ቢከኑን ይለቃል፣ «ከእንግዲህ አትላክ» የሚል ምልክት እንዳልተጻፈ አይቶ ለቀጣዩ ዙር ታይመሩን ይሞላል፣ ቁልፉን መልሶ ይተኛል። የተመሰገነ ሠራተኛ ነው።

አስቋሚው የሚመጣው ካርዱ ሲዘጋ ነው። ቁልፉን ይወስዳል፣ «ከእንግዲህ አትላክ» ብሎ ይጽፋል፣ ታይመሩን ያጠፋል፣ ቁልፉን ይመልሳል። እሱም የተመሰገነ ነው፤ ጠንቃቃ ስለሆነ ደግሞ ታይመሩን ዝም ብሎ አያጠፋም። «ላኪው ሥራ ጀምሮ ከሆነ እስኪጨርስ ልጠብቀው» ይላል። ጨዋነት ነው፤ ሰው ሥራ ላይ እያለ ቤት አይፈርስበትም።

አሁን ሁለቱ እኩል ቢነቁስ? አስቋሚው ቁልፉን ወሰደ። በዚያችው ቅጽበት ታይመሩ ደወለ፤ ላኪው በሌላ ኮር (በሌላው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ላይ ነቃና ቁልፉን ሲፈልግ አጣው። «ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ» አለ። አስቋሚው ጽፎ ጨረሰና ታይመሩን ሊያጠፋ ሲል ላኪው ሥራ መጀመሩን አየ። «ችግር የለም፣ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ» አለ፤ ቁልፉን እንደጨበጠ። ላኪው ካልጨረሰ አስቋሚው ቁልፉን አይለቅም። ቁልፉ ካልተለቀቀ ላኪው አይጨርስም። አክስቴ ቢያዩአቸው ሁለቱንም በስም የሚያውቋቸው ይመስላቸዋል።

ጥበቃው ደግሞ የተኙበት ጥበቃ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ቁልፍ የሚጠበቀው ዐይን ሳይነቀል ነው። ላኪው ያለበት ኮር «ተለቀቀ? ተለቀቀ?» እያለ፣ አስቋሚው ያለበት ኮር «ጨረሰ? ጨረሰ?» እያለ በሙሉ ጉልበት ይሽከረከራሉ። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ላፕቶፑ ጭን ያቃጥላል፣ ማውሱ አይንቀሳቀስም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ኮምፒውተሩ ትልቅ ሥራ ይዟል። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ አንዳች ነገር ሳይፈጽም የሚመሽበት ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ይህ በሽታ አንድ ኮር ብቻ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አይነሣም። አንዱ ሲሠራ ሌላው ሊነቃ ስለማይችል ሁለቱ ፊት ለፊት አይገናኙም። ሁለተኛው ኮር ሲጨመር «አሁን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል» ተብሎ ነበር የተሸጠው። እውነት ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መጠበቅም ተቻለ።

ታዲያ ይህ መቆላለፍ «ሊሆን የሚችል» እየተባለ የሚጠራው ለምንድን ነው? ሁለቱ የሚገጣጠሙበት ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ የሚሊዮንኛ ሰከንዶች ጉዳይ። ካርዱን ሺህ ጊዜ ብትዘጉት ሺህ ጊዜ በሰላም ሊዘጋ ይችላል። ሺህ አንደኛው ግን መቼ እንደሚሆን ልንገራችሁ፤ አለቃ ከኋላችሁ ቆሞ እያየ፣ ያልተቀመጠ ፋይል ተከፍቶ ሳለ ነው።

እንዲህ ያለውን ጠባብ ክፍተት በመጠበቅ ማግኘት ስለማይቻል የከርነል ሰዎች ሎክዴፕ የሚባል ሐሜተኛ አበጅተዋል። ኢንጎ ሞልናር የጻፈው ሲሆን ከርነሉ ውስጥ የገባው በ2006 ነው። ሥራው ማን የትኛውን ቁልፍ ይዞ የትኛውን እንደጠየቀ መመዝገብ ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት አንዱ ቀዩን ቁልፍ ይዞ ሰማያዊውን ወሰደ፤ መዘገበ። ሐሙስ ዕለት ሌላው ሰማያዊውን ይዞ ቀዩን ወሰደ፤ መዘገበ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፣ የተቆላለፈም የለም። ሎክዴፕ ግን «እነዚህ ሁለቱ አንድ ቀን ከተገናኙ አለቀላችሁ!» ብሎ ይጮሃል። የሚጽፈውም «ሊሆን ይችላል» በሚል ጥንቃቄ ነው፤ እንደ ማንኛውም ልምድ ያለው ሐሜተኛ «ሆነ» አይልም። አንዴ ከጮኸ በኋላ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ምዝገባውን ያቆማል፤ የምዝገባው ሥራ ማሽኑን ስለሚያንቀራፍፍም በተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ አይለቀቅም።

ሎክዴፕ መጀመሪያ የሚያውቀው ስለ ቁልፍ ብቻ ነበር። «ታይመሩ እስኪጨርስ ልጠብቅ» ማለትም ቁልፍ እንደ መጠየቅ የሚቆጠር ጥበቃ መሆኑን ያስተማሩት ኋላ ነው። በ2007 ወረፋ ለያዙ ሥራዎች፣ በ2009 ደግሞ ለታይመሮች ይህን የጨመረው ዮሃንስ በርግ ነው። ሰውየው ደግሞ ሌላ ሳይሆን የሊኑክስን የዋይፋይ ክፍል ለዓመታት የመራው ሰው ነው። ከታይመርና ከቁልፍ መካከል ተቀምጦ የሚውል ሰው ካልሆነ ማን ያስበዋል?

ጥገናውስ? አስቋሚው ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ነበር የሚሠራው፦ ቁልፉን ውሰድ፣ ምልክቱን ጻፍ፣ ታይመሩን አጥፍተህ ጠብቅ፣ ቁልፉን መልስ። ጠጋኙ ያደረገው ነገር ሦስተኛውንና አራተኛውን ማለዋወጥ ነው። ቁልፉን መልስ፤ ከዚያ ጠብቅ። በቃ። አንዲት መስመር በአንድ መስመር ወረደች። ለዚህች መስመር የተጻፈው ማብራሪያ ከለውጡ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ በግራ አስቋሚውን፣ በቀኝ ላኪውን አቁሞ ማን መቼ ምን እንደሚያደርግ በሁለት ዓምድ የሚያሳይ ሥዕልም ተጨምሮበታል።

ተጠራጣሪ አንባቢ «ቁልፉን ቀድሞ ከለቀቀ ላኪው መላኩን ቢቀጥልስ?» ይል ይሆናል። አይቀጥልም። «ከእንግዲህ አትላክ» የሚለው ምልክት ቁልፉ ከመለቀቁ በፊት ተጽፏል። ላኪው ቁልፉን ያገኛል፣ የጀመራትን አንዲት ቢከን ይለቃል፣ ታይመሩን ሊሞላ ሲል ምልክቱን ያያል፣ ሳይሞላ ይወጣል። አስቋሚው ይህን አይቶ ይሄዳል። ሁለቱም ሥራቸውን ጨረሱ፤ ማንም ማንንም አልቆለፈም። የፈረሰው የኮፍማን ሁለተኛ ነጥብ ነው፦ እየጠበቅህ አትያዝ።

ይህን ሳስብ የሚገርመኝ ከካርዱ ውጭ፣ በአየር ላይ፣ ነገሩ ገና ከጥንት የተፈታ መሆኑ ነው። በ1997 የወጣው የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ እያንዳንዱን ካርድ ጨዋነት አስተምሮታል። ከመናገርህ በፊት አዳምጥ። አየሩ ጸጥ ካለ ትንሽ ታገሥ። ከዚያም ዕጣ አውጣ፤ ለምሳሌ ከ0 እስከ 15 ባለው መካከል የደረሰህን ቁጥር እየቀነስክ ቁጠር፣ ዜሮ ስትደርስ ተናገር። ከሌላ ጋር ከተጋጨህ የዕጣውን መጠን እጥፍ አድርገህ እንደገና አውጣ፤ እስከ 1023 ድረስ ሊሄድ ይችላል። በአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ያሉ ራውተሮችና ስልኮች፣ የማይተዋወቁ፣ ከተለያየ ፋብሪካ የወጡ፣ አለቃ የሌላቸው፣ በዚህ ዕጣ ይተዳደራሉ። ይንቀራፈፋሉ እንጂ አይቆላለፉም። ምክንያቱም የሚጠብቀው ሁሉ በባዶ እጁ ነው የሚጠብቀው። ተራውን እየጠበቀ አየሩን ጨብጦ የሚቆም ካርድ የለም። በአየር ላይ እንዲህ የሠለጠነው ዋይፋይ ወደ ቤቱ፣ ወደ ድራይቨሩ ሲገባ ነው ዘነዘና የሚደብቀው።

የከርነል ሰዎች መስመር በመስመር ከመጠገን አልፈው ቁልፎቹንም መቁጠር ጀምረዋል። ቀድሞ የዋይፋይ ሥራ አብዛኛው የሚሠራው መላው የኔትወርክ ክፍል በሚጋራው አንድ ትልቅ ቁልፍ ነበር። በ2021 ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ካርድ የራሱ ቁልፍ ተሰጠው። ይህ ራሱ ያልተጠበቀ ግርግር አመጣ፤ በአሮጌው ቁልፍ የለመዱ ድራይቨሮች አዲሱን ይዘው፣ አዲሱን የሚፈልገውን ሥራ ሲጠብቁ እየተገኙ ተራ በተራ መጠገን ነበረባቸው። በ2023 ደግሞ በዋናው የዋይፋይ ኮድ ውስጥ ተበታትነው የነበሩ ትንንሽ ቁልፎች ተሰብስበው ተወገዱና ሥራቸው ለዚያ ለአንዱ የካርድ ቁልፍ ተሰጠ። ቁልፍ ሲበዛ ጥበቃ የሚጠነክር ይመስላል። ቁልፍ በበዛበት ቤት ግን አንዱ ሁልጊዜ የሌላውን ይዞ በር ላይ ይቆማል።

አክስቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ። በመጨረሻ «ታዲያ መስመሯን ዝቅ ያደረጋት ሰው ምን አገኘ?» አሉ። ስሙ በሊኑክስ የለውጥ መዝገብ ውስጥ እንደገባ ነገርኳቸው። «ሌላስ?» ሌላ የለም። ችግሩ ስላልደረሰበት የሚያመሰግነው ተጠቃሚ የለም፤ እንዳይደርስበት የተደረገለት መሆኑን አያውቅማ። አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያልታመመ ሰው ሐኪም አያመሰግንም» አሉና ራውተሩን ሊያጠፉ ተነሡ።

ያልነገርኳቸው ነገር ግን አለ። አርቲኤል 8192 ዩ ያደገው ኮዳቸው ገና ያልተስተካከለ ድራይቨሮች በሚቆዩበት የከርነሉ ማቆያ ክፍል ውስጥ ነበር። ያው ስሕተት ቃል በቃል አርቲኤል 8192 ኢ በሚባለው ወንድሙ ውስጥም ተገኝቶ በተመሳሳይ መንገድ ተጠግኗል፤ ኮድ ሲገለበጥ በሽታውም አብሮ ይገለበጣል። ከዚያ ጥገና በኋላ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ አርቲኤል 8192 ዩ ጭራሽ ከሊኑክስ ወጣ። ላኪውም፣ አስቋሚውም፣ ቁልፉም፣ ያቺ በጥንቃቄ ዝቅ የተደረገች መስመርም አብረው ተሰረዙ።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ከንቱ ድካም» ይላል። እኔ አልስማማም። ድራይቨሩ በኖረባቸው ቀናት ሁለቱ ሠራተኞች እጅ በእጅ ተያይዘው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ሰው ተገኝቷል፤ ለአንድ መስመር ይህ በቂ ነው። ደግሞም «መቼም፣ በምንም ሁኔታ የማይቆላለፍ የዋይፋይ ድራይቨር አንድ ጥራልኝ» ለሚለኝ ሰው ከእንግዲህ መልሱ አይቸግረኝም። አርቲኤል 8192 ዩ እለዋለሁ።